የጠብታ ባትሪዎች

ጋሼ አንቴና የሚለው ስም የወጣለት ማስተርሱን በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የክፍሉ ተማሪዎች የዲግሪያቸው ቀለም ገና ያልደረቀ ልጆች ናቸው፤ እሱ ደግሞ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመጣ፣ የዕድሜውን ግማሽ የስልክ አንቴና ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሁሉም አስተማሪው መስሏቸው ጸጥ አሉ፤ አንዱማ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነበር። እሱም ጸጥታው ሲበዛበት "ምነው ልጆች፣ እኔም እኮ የመጣሁት ልማር ነው" አላቸውና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ስሙ የተለጠፈበት ያን ቀን ነው፤ እሱም አልጠላውም።

ሥራው የአንቴናዎቹን መጠባበቂያ ባትሪዎች መንከባከብ ነበር። መብራት ሲጠፋ የሰው ስልክ አብሮ እንዳይጠፋ የሚያደርጉት እነዚያ ከባድ ባትሪዎች ናቸውና፣ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እየዞረ ይለካል፣ የደከመውን ይሞላል፣ ያለቀለትን ይቀይራል። በዚያ መሥሪያ ቤት ይቅር የማይባል ጥፋት ቢኖር የወረደ ባትሪ አይቶ ማለፍ ነው። አይቶ ያለፈ ባልደረባው በማግስቱ ከሥራ ሲሰናበት በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ እጁ ሐሳቡን መቅደም ለመደ፤ መለኪያው ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳየው፣ ምን ልሥራ ብሎ ሳይጠይቅ ቻርጀሩን ይጎትታል። በዚህ አመሉ እንደ ሙያ ይኮራ ነበር፤ የሚኮራበት ነገር መሆኑም ደግሞ እውነት ነው። ጉድ ያፈላበት ቦታው ሲለወጥ ነው።

ማስተርሱን አመልክት ብላ የጎተጎተችው ባለቤቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። "ስለ ባትሪ የምታወራውን ያህል ስለ እኔ አውርተህ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሌላ ሠርግ ደግሰን ነበር" አለችው። "ሂድና ተማረው። ቢያንስ ለእኔ ጆሮ እረፍት ነው።"

የማመልከቻ ነገር ግን አንቴና እንደ መጠገን አይደለም። ለምን መማር እንደሚፈልግ በሁለት ገጽ እንዲያስረዳ ተጠየቀ። ቁጭ ብሎ የለካውን፣ የሞላውን፣ የቀየረውን ሁሉ ጻፈና ይዞ ለቃለ መጠይቁ ቀረበ። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ ከእሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያቀፈች ቀጭን ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ደጋግሞ ሲገልጥ አየችውና ላንብብልህ አለችው፤ አነበበችለትም።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሥራ ሪፖርት ነው" አለችው፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች።

"ታዲያ ሌላ ምን ሠርቼ ነው ሌላ የምጽፈው?"

"የሠራኸውን እነሱ ከሥራ ልምድህ ያዩታል። ያልገባህን ነገር ጻፍላቸው።"

"ያልገባኝን ብጽፍ ማን ይቀበለኛል?"

"ሁሉ ነገር ከገባህማ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?"

አሰበበት። ለዓመታት ሲከነክነው የኖረ አንድ ነገር ነበረው፤ ባንድ ቀን የተገዙ፣ ባንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ መንትያ ባትሪዎች አንዱ ለምን ቀድሞ ይሞታል? ይህንኑ ነገራት። ልጅቱ ዓይኗ በራ፤ ከቦርሳዋ ባዶ ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችለትና "ልክ እንደነገርከኝ አድርገህ ጻፈው" አለችው። እየጻፈ ተራዋ ደርሶ ገባች። ስትወጣም ጸሐፊዋን ለምና የእሱን ተራ ወደ ኋላ አስገፍታለት ነበር። ፈታኞቹ ሌላውን ሁሉ ትተው የጠየቁት ስለ መንትዮቹ ባትሪዎች ነው። እሱም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ነገራቸው፤ ተቀበሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቱ ለእሱ እንደ ታናሽ እህት ሆነች። ውለታዋን እንዴት አድርጌ ልመልስ እያለ ነው ዓመቱን የገፋው፤ የመለሰበትን መንገድ ግን ዛሬም ማንሳት አይወድም።

እሷንም ክፍሉ ስም አውጥቶላታል፤ ጠብታ ይሏታል። ባትሪ ውስጥ በሚጨመረው ፈሳሽ ላይ አንድ ጠብታ የምታክል ነገር ጣል የማድረግ ሐሳብ ነበራት፤ መመረቂያ ጥናቷም እሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ተሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ ማንም ሳይጠቀምበት እንኳ ከያዘው ኃይል ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ ሙቀት ካገኘ ደግሞ ይብስበታል። የእሷ ጠብታ ይህን ጉድለት ያስቆማል ብላ አምናለች። አየር በማይገባበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ክንዶቿን በረጃጅሞቹ የጎማ ጓንቶች አስገብታ፣ እንደ መታወቂያ ካርድ ጠፍጣፋ የሆኑ ባትሪዎችን በገዛ እጇ ሠራች። ግማሾቹ ጠብታው አለባቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም። ሁሉንም እኩል ሞልታ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ለወራት እንዲያ ይቀመጣሉ፣ በመጨረሻ የቀራቸው ይለካል፣ አለቀ።

"ላብራቶሪው ውስጥ ስንፍና የሚያስመሰግነው የኔ ጥናት ብቻ ነው" ትል ነበር። "ሥራው አለመንካት ነው።"

ከዚህ ስንፍና ጀርባ ግን ትልቅ ነገር ነበር። በሌላ አገር ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ሊወስዳት አስቦ፣ የዚህን ጥናት ውጤት አሳይን ብሏታል። ውጤቱ ካማረ ትሄዳለች፤ ካላማረ ሌላ ነገር አስባ፣ ሌላ ጥናት ሠርታ፣ እንደገና ታመለክታለች። እናቷ በየቀኑ እየደወሉ ባትሪዎቹ ደህና አደሩ ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ስለ ዶሮ ጫጩት የሚጠይቁ ነው የሚመስለው።

ባትሪዎቹ ሳጥን ውስጥ እንዳሉ እናትየው ታመሙ። ጠብታ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ቤተሰቧ ልትሄድ ስትል ላብራቶሪ ድረስ መጥታ አደራ አለችው።

"የሳጥኑን ሙቀት ብቻ እይልኝ፣ ጋሼ። ባትሪዎቹን እንዳትነካቸው።"

"ቢወርዱስ?"

"ይውረዱ።"

"ቢሞቱስ?"

"ይሙቱ። መሞታቸውም እኮ ውጤት ነው።"

"ይሄን ንግግር የድሮ አለቃዬ ቢሰማሽ ራሱን ስቶ ይወድቃል" አላትና ሳቁ። እንዳይነካ የተባለው በደንብ ገብቶታል። አልሰማሁም፣ አልገባኝም የሚልበት ቀዳዳ የለውም፤ እሱም እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ለጥቂት ሳምንታት ሳጥኑን በመስታወቱ እያየ፣ ሙቀቱን እያረጋገጠ በሰላም ኖረ። አንድ ቀን የግቢው መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሲመጣ ሳጥኑን ከፈተው። ጉዳት ደርሶባቸው እንደሆነ ልይ ብሎ ነው፤ ማየቱ ባልከፋ፣ መለኪያውን ግን ይዞ ነበር። ጠብታ የሌለባቸው ባትሪዎች እንደ ጀግና ቆመዋል። ጠብታው ያለባቸው ግን አንዱ ካንዱ የባሰ ወርደዋል። የመብራቱ መጥፋት የጎዳቸው መሰለው። የልጅቱ መድኃኒት ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል ብሎ አላሰበም፤ ማን እንዲህ ያስባል? የታየው፣ ከእናቷ አልጋ አጠገብ መጥታ እነዚህን ሬሳዎች ስታገኝ ነው። እጁ ቀደመው። የወረዱትን ብቻ እየለየ ከጠረጴዛው ቻርጀር ጋር አገናኛቸው፤ ከጓደኞቻቸው እኩል እስኪሆኑ ብቻ ብሎ።

ባትሪዎቹ እየሞሉ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጠብታ ናት። "ጋሼ፣ እማዬ አረፈች" አለችው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በለቅሶ ነው የተናገረችው። እሱም "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ሲል ቆየ። ስልኩን ዘግቶ፣ ፊቱን አብሶ፣ ወደ ጠረጴዛው ሲዞር ሁሉም ጢም ብለው ሞልተዋል። ምን እንዳደረገ የገባው ያን ጊዜ ነው። የወራት አለመንካት በአንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ በላው። እጁን አየው፤ ቢቆርጠው ደስ ይለው ነበር። የሚያደርገው ቢጠፋው ባትሪዎቹን በየቦታቸው መልሶ ሳጥኑን ዘጋው። ስትመጣ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ማለ፤ ያን ዕለት ከልቡ ነበር።

መጣች። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። እግዚአብሔር ያጽናሽ አላት፣ ወንበር አቀረበላት፣ ሻይ ገዛላት። ዛሬማ አይሆንም አለ፣ ልጅቱ እናቷን ቀብራ ነው የመጣችው፤ ነገ ይሆናል። በነጋታው ቀና ብላ የማታይ ሆነችበት። ከነጋታው ወዲያ ደግሞ ጥናቷን የምትመራው ፕሮፌሰር አብራት ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ለመናገር ደህና ቀን ሲመርጥ፣ የመለኪያው ቀን ደረሰ።

ያን ጠዋት አጠገቧ አስቀመጠችው። "አንተ ነህ የጠበቅክልኝ፣ አብረን ነው የምናየው" አለችው። አሁን ልንገራት ብሎ አፉን ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሁለተኛው። ጠብታው የሌለባቸው ባትሪዎች የተጠበቀውን ያህል ጎድለዋል። ጠብታው ያለባቸው አልጎደሉም ማለት ይቻላል። ልጅቱ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ሳቀች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ማንም አይቷት አያውቅም። እየሳቀችም እያለቀሰችም ስልኳን አነሳችና ለአባቷ ደወለች።

"አባዬ፣ ሠራ" አለች። "ባትሪው ሠራ። እማዬ ናት፤ አውቃለሁ እማዬ ናት። እዚያም ሆና አልተወችኝም።"

ከስልኩ ውስጥ የሽማግሌው ለቅሶ ይሰማል። ጋሼ አንቴና የከፈተውን አፉን ዘጋው። እንግዲህ ፍረዱት፤ እናንተ ብትሆኑ ያን ሰዓት ምን ትሉ ነበር? እኔ እንጃ። የማውቀው ግን፣ ዝም ያለው ለእሷ ብሎ እንደሆነ ለራሱ ነገረው፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነበር።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ከእጁ ወጣ። ፕሮፌሰሯ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። ጠብታ በስብሰባ ላይ ቆማ ውጤቷን አቀረበች፤ ጭብጨባው ሲበዛ ከመድረኩ ላይ ሆና በጣቷ ወደ እሱ ጠቆመችና "ባትሪዎቼን እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀልኝ ጋሼ ነው" አለች። ሰዉ ዞሮ አጨበጨበለት። የሚገባበት ጉድጓድ ቢያገኝ ይገባ ነበር። ሳምንትም ሳይቆይ የዶክትሬቱ ቦታ ተሰጣት።

ባለቤቱ ምግብ መቀነሱን አይታ አፋጠጠችው፤ ነገራት። መስፊያዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ያን ዕለት አልቀለደችም።

"ዛሬውኑ ንገራት" አለችው።

"ደስታዋን እንዴት አድርጌ ልንጠቃት?"

"ነጠቅካትም አልነጠቅካትም፣ የቆመችው ባዶ ነገር ላይ ነው። በቆየህ ቁጥር ከፍ እያለች ነው የምትሄደው። ኋላ ስትወድቅ እንዴት አድርገህ ልትቀልባት ነው?"

ልክ ነሽ አላት። ልክ መሆኗን እያወቀም ሌላ ሳምንት፣ ከዚያም ሌላ ሳምንት አሳለፈ። በየጠዋቱ ዛሬ ብሎ ይነሳል፤ ላብራቶሪ ሲደርስ ጠብታ "ጋሼ፣ እንዴት አደርክ" ስትለው ወኔው ከድቶት የራሱን ሥራ ይዞ ይቀመጣል።

ፕሮፌሰሯ ጥናቱ ከመታተሙ በፊት ሙከራው ይደገም አለች፤ የወጉ ነው። ጠብታ በፉጨት ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ሙቀቱን ስለጨመሩት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። ጠብታው ያለባቸው ባትሪዎች ከሁሉ ቀድመው ሞቱ። ጠብታው ራሱ ነበር የሚበላቸው። ተሳስቼ ነው ብላ እንደገና ሠራች፤ እንደገና ሞቱ። ፉጨቱ ቀረ። አንዱን ባትሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ማየት፣ የለጠፈችውን ምልክት ማንበብ፣ ደግሞ ማንበብ ሆነ ሥራዋ። የፕሮፌሰሯም አነጋገር ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ምልክቱን ቀያይረሽው ይሆን አለቻት፤ ኋላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እስቲ አምጫቸው፣ እኔ ራሴ ልያቸው አለች። አላወጣችውም እንጂ ቁጥሮቹን ፈጥራ ነው ብላ እንደጠረጠረች ለማንም ግልጽ ነው።

ጋሼ አንቴና ይህን ሁሉ አየ። ነገ፣ አለ። እኔ እንኳ ይህን ሳወራ እልህ ይይዘኛል።

ሊነግራት የቆረጠበት ቀን፣ እሷ ቀድማው መጣች። ነጭ ካፖርቷን አጣጥፋ ይዛለች።

"ስለ ዶክትሬቱ ጻፍኩላቸው፣ ጋሼ። አልመጣም አልኳቸው።"

"ምን አልሽ?"

"እጄን አላምነውም። ምልክቱን ቀያይሬው መሆን አለበት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እማዬ ከሞተች በኋላ ጭንቅላቴ ልክ አይደለም። እንዲህ ሆኜ የሰው ላብራቶሪ ገብቼ ሌላ ጥፋት ላጠፋ?"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ነገራት። አላሳመረውም፣ አላሳጠረውም። መብራቱን፣ መለኪያውን፣ ቻርጀሩን፣ ከሁሉም በላይ ዝምታውን ነገራት። እሷ ቆማ ነው የሰማችው።

"መቼ ነው?" አለችው ሲጨርስ።

"እናትሽ ያረፉ ዕለት።"

"ስደውልልህ?"

"እየሞሉ ነበር።"

"ለአባቴ ስደውልስ? አጠገቤ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

ካፖርቷን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዞረች። ትጮኻለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ብትጮኽ ይሻለው ነበር።

"ባትሪው ምንም አይደለም" አለችው። "የሰው እጅ ይሳሳታል። ያን ቀን ብትነግረኝ እቆጣህ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ከዚያ ሌላ እሠራ ነበር። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ጊዜ እብደት እየጀመረኝ ነው ብዬ በራሴ ላይ ፈረድኩ። አንተ እያየኸኝ። አባቴ ደግሞ አለ። በየጠዋቱ ከእናቴ ፎቶ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ልጃችንን አልተውሻትም እያለ ያመሰግናታል። በእግሩ ያቆመው ይሄ እምነት ነው፣ ጋሼ። ምን ብዬ ነው የምነግረው?"

"እኔ ልንገራቸው። ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"አንተ?" አለች። ትንሽ አየችው። "ለአባቴ የምነግረው እኔ ነኝ። መቼ እንደምነግረውም የማውቀው እኔ ነኝ። አንተ እዚህ ነገር ውስጥ እንዳትገባብኝ።"

ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ የገባው ያንኑ ሰዓት ነው። ሁሉንም ዘረዘረላት። ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች፤ ልጅቱን በመጠርጠሯ አፈረች፣ እሱንም በቃላት ጠበሰችው። ወዲያው ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ጻፈች፤ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል የሚል መልስ መጣ። የጠብታ ጥናት ጠብታው ባትሪን ይጎዳል በሚል ውጤት አለፈ፤ ጥሩ ነጥብም አገኘ። እሷም አንድ የባትሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ሥራ ያዘች። ላብራቶሪ ውስጥ ሲገናኙ ሰላምታ አትነፍገውም ነበር። ላንብብልህ የምትለው፣ አብረን እንየው የምትለው ግን ቀረ።

የምርቃቱ ቀን ባለቤቱ በሰፋችለት ሙሉ ልብስ ላይ ጥቁሩን ጋዋን ደርቦ ከአዳራሹ ሲወጣ፣ አንድ ሽማግሌ በሰው መሐል እየተጋፉ መጡበት። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ጠብታ ከኋላቸው ቆማለች።

"ጋሼ የምትሉት እሱ ነው?" ብለው መልስ ሳይጠብቁ አቀፉት። "ወንድሜ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ያ የመከራ ጊዜ ሲመጣባት ዕቃዋን የጠበቅክላት አንተ ነህ። እናቷ ከላይ፣ አንተ ከጎኗ ሆናችሁ ይኸው ለዚህ አበቃችኋት። ዶክትሬቱንም እኮ አግኝታው ነበር፤ አባቴን ብቻውን አልተውም ብላ ነው የቀረችው። እንዲህ ያለች ልጅ ናት።"

እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚህኛው ጊዜ አልፈራም፤ ቢፈቀድለት እዚያው ሰው መሐል ሁሉንም ይናገር ነበር። በሽማግሌው ትከሻ ላይ አሻግሮ ጠብታን አያት። እሷም ቀጥ ብላ አየችውና ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም።

ሽማግሌው እጁን እንደጨበጡ ምርቃታቸውን ቀጠሉ፤ ልጆችህ ይባረኩ፣ እጅህ ይባረክ አሉት።

"አሜን" አለ።